ስሪ ዲ አልትራሳውንድ በእርግዝና ጊዜ፦ ባሕር ዳር ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን

አዋላጅ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ ነፍሰ ጡሮችን መከታተል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሽምብጧም፣ የቀበሌ 14ቷም፣ ከዘጌ በጀልባ የመጣችውም እናት ቁጭ እንዳለች ስልኳን ታወጣለች። የጓደኛዋ ልጅ ፎቶ ነው። ወርቅማ ቀለም ያለው፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ እጁን ጉንጩ ላይ ያደረገ ፊት። «እኔም እንደዚህ ማየት እፈልጋለሁ» ትላለች። ማን አይፈልግም?

ግን አንድ ነገር ከፊት ልበል። ብርሽ ለአንድ አልትራሳውንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከ24 ሳምንት በፊት የሚታየውን ተራውን፣ ጥቁርና ነጩን አስቀድሚ። ስሪ ዲው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለምን እንደሆነ ከታች ያሉት መልሶች ይናገራሉ።

ስሪ ዲ ከተራው አልትራሳውንድ በምን ይለያል?

ሁለቱም የሚሠሩት በድምፅ ነው። ጆሯችን የሚሰማው ቢበዛ በሰከንድ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። አልትራሳውንድ የሚልከው ድምፅ ግን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜያት ይንቀጠቀጣል። ሆድሽ ላይ የምናንሸራትተው እጀታ ድምፁን ይልካል፣ ከልጁ ነጥሮ ሲመለስም ይቀበላል። ማሽኑ የተመለሰውን ወደ ምስል ይቀይረዋል።

ድፎ ዳቦ አስቢ። ተራው አልትራሳውንድ የሚያሳይሽ አንድ ቁራሽ ነው፤ ዳቦው በቢላ ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ ማለት ነው። ስሪ ዲው ብዙ ቁራሾችን በፍጥነት ያነሳና መልሶ ይገጣጥማቸዋል። ከዚያ የዳቦውን ቅርፊት፣ ማለትም የልጁን መልክ ከውጭ ታያለሽ። ልጁ ሲያዛጋ ወይም እግሩን ሲያወራጭ በቪዲዮ ከታየ ፎር ዲ ይባላል።

ልብ በይ። የዳቦው መብሰል አለመብሰል የሚታወቀው ተቆርጦ ነው። ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን፣ ሽርት ውሃን የምናየው በዋናነት በቁራሹ ነው። ለዚህ ነው ስሪ ዲ ያለው ሐኪም እንኳ ምርመራውን በጥቁርና ነጩ የሚጀምረው።

ጨረር አለው? ልጄን አይጎዳብኝም?

ጨረር የለውም። ከራጅ ጋር አይገናኝም። የስኮትላንዱ ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆድን በአልትራሳውንድ የመመርመር ሥራውን ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ጃፓናዊው ካዙኖሪ ባባ ስሪ ዲውን የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው እናት ታይታለች። በአግባቡ በባለሙያ እጅ ሲሠራ ልጅ ላይ ያደረሰው የተረጋገጠ ጉዳት የለም። ስሪ ዲው የሚጠቀመው ድምፅም ከተራው ብዙም አይበልጥም።

ድምፁ ግን ሰውነትን ጥቂት ሊያሞቅ ይችላል። ስለዚህ የባለሙያዎቹ ሕግ አጭር ነው፤ ለሚያስፈልግ ነገር፣ በሚያስፈልገው ጊዜ ልክ። ለፎቶ ብቻ ተብሎ ረጅም ሰዓት መተኛት፣ በየሁለት ሳምንቱ እየሄዱ «አንዴ ልየው» ማለት አይመከርም። እኔም አልመክርም።

ፊቱን ካየሁ ጤነኛ ነው ማለት ነው አይደል?

አይደለም። ይህን ሁሉም እናት እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

አንዲት እናት አልረሳም። ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች። ከሐይቁ ዳር ካለ መንደር በባጃጅ ይዘዋት ደረሱ። ደም ይፈሳታል፣ ግን አያማትም። ወረቀቷን ስንጠይቅ ከውዳሴ ማርያሟ መሐል ፎቶ አወጣች። በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ስሪ ዲ ነው። በጣም የሚያምር ልጅ። ከፎቶው ጋር ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም። የእንግዴ ልጁ የት ነው? የሽርት ውሃው ምን ያህል ነው? የልጁ ጭንቅላት ወዴት ነው? አንዳቸውም የሉም። ስሪ ዲውን ያነሳት ሰው የፊቱን ፎቶ ሰጥቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ሸኝቷታል።

በተራው አልትራሳውንድ አየናት። የእንግዴ ልጁ የማኅፀኗን በር ሸፍኖታል። ይህ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ከሆስፒታል ርቃ አትከርምም ነበር። በሰዓቱ ስለደረሰች በኦፕራሲዮን ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ግን ይከፋኛል። እሷ ሁሉ ነገር የታየላት መስሏት ነበር።

ስለዚህ የትም ሂጂ፣ የጽሑፍ ውጤት ሳትይዢ አትውጪ። ወረቀቱ ላይ ቢያንስ የልጁ ዕድሜ በሳምንት፣ የልብ ምት፣ የእንግዴ ልጁ ቦታ፣ የሽርት ውሃው መጠን፣ ልጁ አንድ ይሁን መንታ መጻፍ አለበት። ፎቶው ምርቃት ነው።

የእንግዴ ልጁ በ20 ሳምንት አካባቢ «ዝቅ ብሏል» ከተባልሽ ደግሞ ወዲያው አትደንግጪ። ማኅፀን እያደገ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይሸሻል። በ32 ሳምንት ገደማ ድጋሚ መታየት ግን ግድ ነው።

ሌላም አለ። ጥሩ ምርመራ እንኳ ሁሉን አያይም። አንዳንድ የልብ ችግር ያመልጣል። መስማት፣ ማየት፣ የአእምሮ ዕድገት በአልትራሳውንድ አይታዩም።

ታዲያ ስሪ ዲ ምን ይሠራል?

ይሠራል እንጂ! በተራው ምርመራ አንድ ነገር ሲጠረጠር አጋዥ ነው። የከንፈር መሰንጠቅ፣ የአከርካሪ ክፍተት፣ የእጅና የእግር አፈጣጠር፣ የፊት ቅርጽ ላይ ሐኪሙ የተጠራጠረውን ከሌላ አቅጣጫ ያይበታል። የማኅፀን የራሱ አፈጣጠር ችግር ሲኖረውም ይጠቅማል።

ለቤተሰብም ይጠቅማል። የከንፈር መሰንጠቅ በቃል ሲነገርና በዓይን ሲታይ አንድ አይደለም። አባት ፎቶውን አይቶ «ይኼ ነው? ይኼማ ይሰፋል» ሲል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ይሰፋል። ቀድሞ መታወቁ ጥቅሙ ሲወለድ አለመደንገጥ ነው። ጡት መሳብ ሊያቅተው ስለሚችል አመጋገቡን ከወዲሁ መማር ይቻላል።

የአከርካሪ ክፍተትን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው። ልጅ ያሰበች እህት ካለችሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። ምንም ዓይነት ስሪ ዲ ይህን አይተካም።

ከባድ ነገር ከተጠረጠረ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ዓይነት ትልቅ ሆስፒታል ሄደሽ በስፔሻሊስት መታየት ይኖርብሻል። «ሌላ ቦታ ሄጄ ፎቶ ላስነሳና ላረጋግጥ» ብለሽ ጊዜ አታጥፊ።

መቼ ልምጣ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በእርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል፣ ከ24 ሳምንት በፊት ደግሞ 1 አልትራሳውንድ ይመክራል። ሁለት ማድረግ የምትችዪ ከሆነ የመጀመሪያው ከ14 ሳምንት በፊት ቢሆን፣ ሁለተኛው ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ቢሆን ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን ለመቁጠርና መንታን ለመለየት ነው። መንታዎቹ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋሩ ወይስ የየራሳቸው ይኑራቸው በደንብ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሁለተኛው የልጁን አካል አንድ በአንድ ለማየት ነው።

ፊቱን በስሪ ዲ ማየት ካሰኘሽ ከ26 እስከ 32 ሳምንት ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለው ፊቱ የከሳ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ቦታው ይጠበዋል፣ ጭንቅላቱም ወደ ዳሌ ይወርዳል።

የመጨረሻ የወር አበባዬ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። ስሪ ዲው ይነግረኛል?

ቀኑን የሚነግርሽ ተራው ነው፣ በጊዜ ከመጣሽ። ከ14 ሳምንት በፊት ልጁ ከራስ ቅሉ እስከ መቀመጫው ይለካል፤ ስህተቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ቢሆን ነው። 28 ሳምንት ካለፈ ግን ስህተቱ ከ21 እስከ 30 ቀን ይደርሳል። በዚያ ዕድሜ አንዱ ልጅ ተለቅ ይላል፣ ሌላው ቀጠን ይላል። እንደ ሰው ነው።

ደግሞ «አላስታውስም» ያለች ሴት ብዙ ጊዜ ታስታውሳለች። በቀን አትጠይቋት፣ በበዓል ጠይቋት። አንዷ «ለጥምቀት ልብስ ሳጥብ መጣብኝ» አለችኝ። «ከከተራ በፊት ነው?» «አዎ፣ በማግሥቱ ነው ከተራ።» በቃ፣ ጥር 9 ነው! ከዚያ በጣታችን ቆጠርን።

በእኛ አቆጣጠር መቁጠር እንዲያውም ይቀላል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን በመሐል ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን ብቻ ትጨምሪያለሽ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። መስከረም 10 ያየች ሰኔ 20 ትደርሳለች። የጥር 9ኟ እናት ጥቅምት 14። ይህ ቀመር የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ አካባቢ ለሚመጣ ሴት ነው። የሚዛባባት ወይም የወሊድ መከላከያ መርፌ አቁማ ወዲያው ያረገዘች ሴት አልትራሳውንዱን ትመን።

አሁን አደገኛዋን ነገር ልንገርሽ። ማሽኑ የመውለጃ ቀን የሚያትመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ አባወራ ወረቀቱ ላይ «05/10» ይላል ብሎ ጥቅምት 5 ብሎ ያዘ። ወረቀቱ የሚለው ኦክቶበር 5 ነው፤ በእኛ መስከረም 25 ገደማ። 10 ቀን ተሳሳተ ማለት ነው። ቀበሌ 14 ለምትኖር ሴት 10 ቀን ምንም ላይመስል ይችላል። ከደቅ ደሴት በጀልባ ለምትመጣው ግን ምጡ ሐይቅ ላይ ሊይዛት ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ሳትወጪ «በሐበሻ ስንት ቀን ነው?» በይና ወረቀቱ ጀርባ ላይ አስጽፊ። ቤትሽ ከጤና ተቋም የሚርቅ ከሆነ ቀንሽ ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ባለው የእናቶች ማቆያ መጥተሽ መቆየት ትችያለሽ። ለዚያም ትክክለኛ ቀን ያስፈልጋል።

ሁለት ቦታ ታይቼ ሁለት የተለያየ ቀን ሰጡኝ። የቱን ልያዝ?

የመጀመሪያውን። በጊዜ የተለካው ሁልጊዜ ይበልጣል። በኋለኛው አልትራሳውንድ ቀን አይቀየርም፤ እሱ የሚነግረን ልጁ ባለበት ዕድሜ ልክ እያደገ መሆኑን ነው። የቆየውን ወረቀት እንዳትጥዪ፣ በየክትትሉ ይዘሽው ነዪ። «የልጁ ክብደት ይህን ያህል ኪሎ» የሚለውንም እንደ ሚዛን አትዪው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ወዲህ ወዲያ ይላል።

ፊቱን አላሳይ አለ። ችግር አለበት?

የለበትም። ወደ ጀርባሽ ዞሮ ተኝቶ ይሆናል። እጁ ወይም እትብቱ ፊቱን ጋርዶት ይሆናል። የእንግዴ ልጁ ከፊት ለፊት ሲሆን፣ ሽርት ውሃው ሲያንስ፣ የሆድ ስብ ሲበዛም ምስሉ ይበላሻል። አንዳንዴ እናቲቱን «ትንሽ ተራምደሽ ነዪ» እንላለን። ዞር ትልና ስትመለስ ልጁም ዞሮ ይጠብቃታል። አንዳንዴም አይዞርም።

ስሪ ዲ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ካየሽም ቆይ በይ። አንዲት ልጅ በቴሌግራም የተላከላትን ፎቶ እያየች እያለቀሰች መጣች። የልጇ ጉንጭ ጎድሎ ይታያል። በተራው ስናይ ጉንጩ ሙሉ ነው፤ የክርኑ ጥላ ነበር። አፍንጫው የማኅፀን ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ሲተኛም ደፍጠጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፎቶ ብቻ ይዘሽ ከጎረቤት ጋር አትመርምሪ።

ወንድ ነው ሴት?

ከ18 ሳምንት በኋላ፣ አቀማመጡ ከተመቸ፣ በተራውም ይታያል። ለዚህ ብቻ ስሪ ዲ አያስፈልግም። አማቶችም ባልም ሰፍ ብለው እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። መስማት ካልፈለግሽ ሐኪሙ እጀታውን ከማንሳቱ በፊት ተናገሪ።

ቀይ ነው ጠይም?

ቀለሙ የማሽኑ ነው። የሐበሻም የቻይናም ልጅ እኩል ወርቅማ ሆኖ ይወጣል።

ሾተላይ ካለብኝ በስሪ ዲ ይታያል?

ሾተላይ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የደምሽ ዓይነት (አር ኤች) ኔጌቲቭ ከሆነና የልጁ አባት ፖዘቲቭ ከሆነ በ28 ሳምንት፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ። ደም ከፈሰሰሽ ወይም ካስወረደሽም ስለ መርፌው ጠይቂ። ልጅ በተከታታይ እየሞተባቸው «ሾተላይ ነው» ተብለው እጣቸው ነው ብለው የተቀመጡ እናቶች አሉ። እጣ አይደለም፣ የደም ዓይነት ነው። እባካችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።

የደም ማነስ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ወባ፣ አንዳቸውም በስሪ ዲ አይታዩም። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ላይ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው። ለፎቶው ብር ቆጥበሽ ክትትሉን እንዳትተዪው አደራ።

ባዶ ሆዴን ልምጣ? ሽንቴን ልቋጥር?

ምግብ በልተሽ ነዪ። ሽንት መያዝ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሞላ ፊኛ ማኅፀኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለስሪ ዲ በምትመጪበት ወር አትሠቃዪ። ልብስሽ ከላይና ከታች የተከፈለ ይሁን፤ ቀሚስ ለብሰሽ ከመጣሽ ነጠላ ያዢ፣ እግርሽን እንሸፍንበታለን። ጄሉ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ግን አያቆሽሽም።

ደም ፈሰሰኝ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀስ ቀነሰብኝ። የስሪ ዲ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?

አትጠብቂ። ደም፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ አንዱ እንኳ ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ሌሊትም ቢሆን።

ፎቶውን ለሰው ባሳይ ዓይን ይበላብኛል?

አያቴም «ሳይወለድ አታውሪ» ትል ነበር። ማሳየት አለማሳየት ያንቺ ነው። ያልፈለግሽውን ሰው «ወረቀቱ ሐኪም ጋ ቀርቷል» ማለት ትችያለሽ። እኛም ያላንቺ ፈቃድ ፎቶሽን ለማንም ማሳየት የለብንም። ፌስቡክ ላይ የምትለጥፊው ከሆነ ከላይ ያለውን ስምሽንና የካርድ ቁጥርሽን ቁረጪው።

ፎቶው እየደበዘዘብኝ ነው። ምን ላድርግ?

ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ዓይነት ነው። ልክ እንደ ባንክ ደረሰኝ ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ያጠፋዋል። የባሕር ዳር የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። በፕላስቲክ በሙቀት አታስለብጪው፣ እዚያው ይጠቁራል። ከክፍሉ እንደወጣሽ በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ለባልሽም ላኪለት። ከጽሑፍ ውጤቱ ጋር አብረሽ አንሺው፤ ለምጥ ስትመጪ ወረቀቱ ቤት ቢረሳ ከስልክሽ እናነበዋለን።